ኪኒኑን ያስቆምኩት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ልናገር ቆሜያለሁ። መናገር አልችልበትም፤ ስንተባተብ ታገሡኝ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ታላቅ ወንድሜ ምናለና እኔ ገብስ እንወቃ ነበር። ምናለ በሬዎቹን እየነዳ፣ «አንተ ባለ ቀመሩ! ጌታ የሚመጣው ገብሱ ጎተራ ሳይገባ ነው ከገባ በኋላ? ሳይገባ ከሆነማ እኔ ልተኛ!» አለኝ። እናታችን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ጌታን አውቃለሁ እል ነበር። የያዝኩት ግን ፍርሃት ነበር። በስልኬ ስብከት እያየሁ፣ የዳንኤልን ሳምንታትና የራእይን ወራት እየደመርኩ፣ «ከገና አያልፍም» እላለሁ። ምናለ ሐምሌ ላይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ነበር፤ ስድስት ወር የሚዋጥ። መስከረም ላይ ሳሉ ተወት ሲያደርገው፣ «ወንድምዓለም፣ እስከ ጥር የሚዋጥ ኪኒን ምን ያደርግልሃል? ጥር እኮ የለም» አልኩት። የተማርኩ ነኝ፤ አመነኝ። አቆመ።

ያን ዕለት አውድማው ላይ ምናለን ሳል ያዘው። ደም ነበር። ብዙ ደም። ደግፌ አስቀመጥኩት። «ይቅር በለኝ» ስለው እጄን ያዘና፣ «ቀኑን አንተ ቀጠርከው እንጂ ጌታ አልቀጠረህም። እናቴን አደራ» አለኝ። ቃሬዛ ሳይደርስ አረፈ።

በነጋታው ቀብረነው ስንመለስ እኔም ሳልኩ። ሳሌን ደብቄ ሰንብቼ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፦ «ይህን ሳል አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም፤ ሰማህ?»

ጓሮ ሄጄ በግንባሬ ተደፋሁ። «ጌታ ሆይ፣ መምጫህን ሳሰላ አንተን ሳላውቅህ ኖርኩ። ወንድሜን ገደልኩት» አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ወገኖቼ። ግን የምፈራው ጌታ አጠገቤ ነበረ፤ አልጣለኝም። ሃሌ ሉያ! ስሙ ይባረክ!

ዛሬ የጤና ጣቢያችን ሐኪም «ድነሃል» ብላኛለች። ጌታ ይመስገን! ሐዘኔ ግን አልሄደም። ጌታ ይመጣል፤ ዛሬም አምናለሁ። ቀኑን ለእርሱ ተዉለት፤ እርሱን ታመኑት፤ የታመማችሁም መድኃኒታችሁን ጨርሱ።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። ምናለ ያልዋጠውን ኪኒን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ኪኒኑን አወቀችው።

«የምናለ ነው። እሱስ?»

«ሞተ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሳሌን ሰማች። አክታዬን መረመረች፤ ከዚያ የራሴን ኪኒንና ውሃ ሰጠችኝ።

«ፊቴ ነው የምትውጠው። እስከ ሰኔ ነው። ትጨርሳለህ?»

«እጨርሳለሁ» አልኩና ዋጥኩ።