ሊቃጠል የነበረው የገዳም መዝገብ

የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘምቼ መካነ ሰላም አካባቢ ሳለሁ የደረሰ ነው። ብዙ ዓመት ቢሆነውም ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል፣ ደስም ይለኛል።

የመሬት አዋጁ ገና መታወጁ ነበር። በአቅራቢያችን ሴት መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም አለ። የገዳሙን የመሬት ውልና የክስ ወረቀት በሕዝብ ፊት እናቃጥል ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ሜዳ ላይ ተከመረ። ገበሬው ከበበን። ክብሪት ሳወጣ እመ ምኔቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከክምሩ አንድ መዝገብ መዘው ሰጡኝ።

"ልጄ፣ መሬቱን ውሰዱት። ይኼን ግን ሳታነብ እሳት አትስጠው።"

ለማሾፍ ያህል ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በክፉው ቀን፣ በድርቁ ጊዜ፣ ገዳሙ የተቀበላቸው ልጆች ውል ነበር። ገዳሙ ሊያሳድግ፣ ወላጅ በመጣ ቀን ሊያስረክብ ይስማማል፤ ከሥሩ የወላጅ አሻራ አለ። ድምፄ ቀስ በቀስ ወረደ።

"ዘይነባ ይማም፣ ከከላላ። ዕድሜዋ አምስት ያህል፣ ግራ ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ ያላት። የእስላም ልጅ ናትና በሃይማኖቷ ትደግ፤ የክርስቲያን ሥጋ አትብላ። እናቷ ሰዓዳ በሦስተኛው ቀን አረፈች፤ ሼኽ አስጠርተን አስቀበርናት።"

"ያ አላህ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ይማም የሚባል፣ በቅርቡ ከከላላ መጥቶ እኛ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ነው። ድርቁ ሲጠና አዋሽ ለጥጥ ለቀማ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው።

"ሁሉም አልቀዋል አሉኝ" አለ። "የሰዓዳን መቃብር እንኳ የሚያሳየኝ አጣሁ።"

"እኛም ከላላ ሁለቴ ልከን ዘመድ የሚሆናት አጣን" አሉ እማሆይ። "ልጅህ ግን አለች። ጥጥ ስትፈትል ትቻት ነው የመጣሁ።"

ልጅቷን አመጧት። አላወቀችውም፤ ከእማሆይ ቀሚስ ሥር ተሸሸገች። ይማም መሬት ላይ ተቀመጠና "ዘይኔ" ብሎ በቀስታ ጠራት። ገዳሙ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራት አልነበረም መሰለኝ፣ አንገቷን አውጥታ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠች።

ሰዉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን እሳት የሚባል ነገር ያነሳ የለም፤ ገበሬዎቹ "የቀሩትንም ስሞች አንብብልን" አሉኝ፣ እስኪመሽ አነበብኩ።

ይማም ልጁን ይዞ ሊነሳ ሲል እማሆይ አስቆሙት።

"በውል ተቀብለናታል፣ በውል ውሰዳት።"

ርክክቡን በሦስት መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይማም ከሥሩ አሻራውን አኖረ። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ስንትና ስንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የምኮራው ግን በዚያች ሦስት መስመር ነው።