ጋሽ ሽብሩ የነቀሉት ቴርሞስታት

ካዛንቺስ ወደነበረው ጋራዥ የገባሁት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዋና መካኒኩ ጋሽ ሽብሩ ከአንድ መኪና ሥር ብቅ አሉና «መኪናሽ የቷ ናት?» አሉኝ። አዲሷ ሠራተኛ መሆኔን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ካቻቢቴ አቀብዪኝ» ብለው ተመልሰው ገቡ። ካቻቢቴ ብሎን መፍቻ መሆኑን ስለማላውቅ መዶሻ ሰጠኋቸው። እጃቸው ከመኪናው ሥር ወጥቶ መዶሻውን መለሰልኝ።

በአራተኛው ዓመት ቱታ ለብሼ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወርኩ። የሦስት ወር ሙከራ ነበር። በግምጃ ቤቱ ሌላ ሰው ስለተቀጠረ፣ ሙከራውን ካላለፍኩ የምመለስበት ቦታ አልነበረኝም።

ጋሽ ሽብሩ ጎበዝ ነበሩ። መኪና ገና በር ላይ ሳለ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ። ቴርሞስታት የሚባለውን ዕቃ ግን አይወዱትም። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደሚያቀዘቅዘው ራዲያተር የሚያሳልፍ፣ እንቁላል የሚያህል በር ነው። «ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ምን ሊሠራ መጣ?» ይላሉ። ያገኙትን ሁሉ ነቅለው፣ አዳኝ የአውሬ ቀንድ እንደሚሰቅል ግድግዳ ላይ በሽቦ ያንጠለጥሉታል።

ወይዘሮ ነጃት ለገሃር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ቄራ የሚኖሩ ደንበኛችን ነበሩ። የቤት መኪናቸው ሞተር እየጋለ ውሃ ያፈላል። ጋሽ ሽብሩ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ነቀሉ። ባሰበት። ቀጥሎ ራዲያተሩን አሳጠቡ፤ ፋኑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ችንጋውን፣ እና የውሃ ፓምፑን ቀየሩ። አሁንም ያፈላል።

በአራተኛው ጊዜ ወይዘሮ ነጃት ጀሪካን ይዘው መጡ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ከቄራ እስከ ካዛንቺስ ውሃ ያልለመንኩበት ቤት የለም።»

«ትንሽ ይታገሱ፣ ወይዘሮ ነጃት።»

«ምኑን ልታገስ! ትናንት ጀሪካኔን ይዤ አንድ ግቢ ብገባ ለቅሶ ቤት ነው። ውሃ ያመጣሁላቸው መስሏቸው ጀሪካኑን ተቀብለው ድንኳን ውስጥ አስቀመጡኝ። እንዴት አድርጌ ውሃ ልለምን? በቃ፣ አለቀስኩ።»

«ሟቹ ማን ነበሩ?»

«እኔ ምን አውቄ! ንፍሮ አብልተው ሸኙኝ። ጀሪካኑ እዚያው ቀረ፤ ይሄ አዲስ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ሙሉነሽ፣ ይቺን መኪና አንቺ ያዣት። ፈተናሽ እሷ ናት።» እሳቸው ያልቻሏትን መኪና ሰጡኝ ማለት ነው።

መኪናዋን እስክትፈላ ድረስ ነድቼ ተመለስኩ። ጌጅ የምንለው የሙቀት መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ነው። ራዲያተሩን በጥንቃቄ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ለብ ካለ፣ የጋለው ውሃ ወደዚያ አይሄድም ማለት ነው። የመኪናዋን መጽሐፍ አውጥቼ ሥዕሉን አየሁ። በዚያ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ይዘጋል። ዕቃው ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ቀረ። ውሃው ሳይቀዘቅዝ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል።

መጀመሪያ ያፈላው አሮጌው ቴርሞስታት አልከፈት ብሎ ሳይሆን አልቀረም፤ ከግምጃ ቤት አዲስ አወጣሁ። ከመግጠሜ በፊት መከፈቱን ለማየት፣ በወተት ጣሳ ውሃ ውስጥ አድርጌ ምድጃ ላይ ጣድኩት። ጋሽ ሽብሩ መጡ።

«ምሳሽ ነው?»

«ቴርሞስታት ነው።»

አጎንብሰው ጣሳውን አዩ። «በእኔ ጋራዥ?»

«መከፈቱን እያየሁ ነው።»

«ጨው ጨምሪበት» ብለው ሄዱ።

ውሃው ሲፈላ ተከፈተ። ገጥሜው ለሙከራ ስንወጣ ወይዘሮ ነጃት መሪውን ያዙ፣ ጋሽ ሽብሩ ከጎናቸው ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ጀሪካኑን ታቀፍኩ። ቄራ ደርሰን ስንመለስ ስታዲየም ጋ መንገዱ ተጨናነቀ። ሦስታችንም የምናየው መርፌውን ብቻ ስለነበር የፊቱን ሚኒባስ ከመግጨት ለጥቂት ተረፍን። መርፌው መሃል ላይ ቆሟል።

«ጌጁ ተበላሽቷል» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ወይዘሮ ነጃትን ዳር አስይዘው ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው ራዲያተሩ ላይ መዳፋቸውን ሙሉ አሳረፉ፤ ወዲያው አነሱት። ራዲያተሩ እንደሚገባው ግሏል፤ እንፋሎት ግን የለም። እጃቸውን እያራገቡ ተመልሰው ገቡ።

«ይሠራል» አሉ።

«ምኑ?» አሉ ወይዘሮ ነጃት።

«ጌጁ።»

ጋራዥ ስንደርስ ሥራ አስኪያጁን «ሙሉነሽ ሙከራዋን ጨርሳለች፤ ደብዳቤዋን ጻፍላት» አሉት። ስለ ቴርሞስታቱ ለእኔ ያሉኝ ነገር የለም። በሳምንቱ ለሌላ ደንበኛ «ቴርሞስታት ዝም ተብሎ አይነቀልም፣ ሁልጊዜ የምለው ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ ክፍል ሠራሁ። ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ ሞተር ሲግል መጀመሪያ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ እዩ። ምን እንደሚሠራ የማታውቁትን ዕቃ አትንቀሉ።