ከምሰሶው ያልወረደው ክላሽ

ጋምቤላ ካለችው ከአቦቦ የወጣሁ ዕለት ማታ ሻንጣዬን ተሸክሞ ባጃጁ ድረስ የሸኘኝ ይመር ነው፤ የሟቹ ባሌ ወንድም። "አይዞሽ እታለም፣ ቤቱን እኔ አለሁለት" አለኝ። አልመለስኩለትም። ቤቱን የሚጠብቅበት ክላሽ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጄን ዳዊትን የገደለው ያ ክላሽ ነው። "ማንም አልተኮሰም፣ ወድቆ ባረቀ" ብለው ሽማግሌዎች ከይመር ጋር አስታረቁን። ጎረቤቶቻችን አኙዋዎች ደም ሲያደርቁ የጦሩን ጫፍ ያዶለዱማሉ። እኛ ከወሎ የመጣነው ግን በግ አርደን በላን፤ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን ጠርገው ክላሹን መልሰው ሰቀሉት። "ለማስፈራሪያ ነው" አለኝ ይመር። ያ ሥጋ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ልጄ ዘነበች ያስመጣችኝ ስኮትላንድ ነው። ስለ ብርዱ ሌሎች ይጻፉላችሁ። እኔን ያስመረረኝ ዓሣው ነው፤ የባሮ ወንዝን ትኩስ ዓሣ ለለመድኩት ሴት እሾሁን አውጥተው፣ ጣዕሙንም አብረው አውጥተው፣ በሊጥ ጠቅልለው ይሰጡኛል።

የተከራየነው ቤት መስኮቱ ወደ ባሕር ያያል። አንድ ጠዋት እንደ ጉማሬ ጀርባ የጠቆረ ነገር ውሃውን እየሰነጠቀ አለፈ። አከራያችን ማሞቂያውን ልታይ መጥታ ነበር፤ ዘነበች ተረጎመችልን።

"ምንድን ነው ያ?"

"ሰብማሪን ነው፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ መርከብ። የኑክሌር ቦምብ ይጭናል። ሰላማችንን የሚጠብቅልን እሱ ነው።" ይህን ብላ ከመሳቢያው ኪኒን አወጣች። "አደጋ ከደረሰ ይህን ትውጫለሽ፤ ለጨረሩ።"

"አደጋ ይደርሳል እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ኪኒኑ?"

"ለጥንቃቄ ነዋ። እሱ ለማስፈራሪያ ነው፣ ማንም አይተኩሰውም።"

ይመር እንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ኑክሌር ይቅር ከሚሉ ሰዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብማሪኖቹ የሚቆሙበት ግቢ በር ላይ እቆማለሁ። ዘነበች የምትሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ነው።

"እማ፣ በአንቺ ምክንያት ከሥራ ያባርሩኛል!"

"ወንድምሽን ምን ገደለው?" አልኳት።

ከዚያ ስለ ሰብማሪኖቹ የከተማውን ሰው ለስብሰባ ጠሩ። አንድ ባለሥልጣን፣ ከረባቱ የተስተካከለ፣ "ሌሎቹ ሳይፈቱ እኛ ብቻ እንዴት ትጥቅ እንፈታለን?" አለ። ተነሣሁ። እሱ የሚለውን ቅዳሜ ቅዳሜ ስሰማው ለምጄዋለሁ፤ የእኔን የሚተረጉምልኝ ግን አልነበረም። ከኋላ ዘነበች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ተያይታችሁ አንድ ላይ ፍቱ" አልኩት። "እስከዚያ ጥይቱን ከመሣሪያው ለዩት፤ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ሩቅ ቆልፉት። የተናደደ ሰው ሊያመጣው ሲሮጥ ቢያንስ መንገድ ላይ ይደክመዋል።"

ዘነበች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተረጎመችው። ሰውየው ፈገግ አለ። "ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም" አለ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ የበጉን ሥጋ የበሉት ሽማግሌዎች ፈገግታ ነው።

ሰኞ ዘነበችን የግቢው በር ላይ አቁመው ስለ ስብሰባው ሲጠይቋት ቆይተው አስገቧት። ነገ ምን እንደሚሏት አናውቅም።

ትናንት ይመር ደወለ።

"እታለም፣ ዳዊት የተከለው ማንጎ አፍርቷል። መቼ ነው ይቅር ብለሽ የምትመጪው?"

"ክላሹስ?"

"አለ፣ ቦታው ላይ።"

"ጥይቱን ለይተኸዋል?"

ወሬውን ወደ ማንጎው መለሰው። ከኋላው ሕፃን ትስቃለች።

"ማናት?"

"የልጅ ልጄ ናት። ምሰሶው ሥር ትጫወታለች።"

"አውርደው፣ ይመር።"

"እሺ፣ ነገ።"

"አሁን! እየሰማሁህ።"

ስልኩን አልዘጋሁም። እሱም አልዘጋም። ወደ ምሰሶው የሚሄድ የእግሩን ኮቴ ጠበቅሁ፤ የሚሰማኝ ግን የልጅቷ ሳቅ ብቻ ነበር።