ሙዝ የመነኮሰችበት ፍልሰታ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት በፍልሰታ ጾም እኩሌታ፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ጉምና ብርድ ብቻ በቀረበት ማለዳ ነው። መድረሻዬ እብናት ነበር፤ የሚያስኬደኝም የታላቅ እህቴ ጉዳይ። እህቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ቆብ ደፍተዋል፤ የሚኖሩት ግን በቤታቸው፣ ከልጃቸው ከዓለምነሽ ጋር ነው። ድሮ አንቺ እላቸው ነበር፤ ቆቡን ከደፉ ወዲህ እማሆይና አንቱ ሆነዋል።

ዓለምነሽ በስልክ የነገረችኝ አጭር ነው። እማሆይን ታይፎይድ ጥሏቸው ተነሥተዋል፤ ምግብ ግን አልወርድ ብሏቸዋል። በርበሬ ሆዳቸውን ያቃጥላል፣ እንጀራው አፋቸው ውስጥ ይዞራል፣ ሽምብራ ማኘኪያ ጥርስ የላቸውም። ሐኪሙ በምግብ ካልጠገኑ ሕመሙ መልሶ ይጥላቸዋል ብሏል። የነፍስ አባታቸው ወተት ቢፈቅዱላቸውም እሳቸው በልጅነቴ የጀመርኩትን ፍልሰታ በእርጅናዬ አልሽርም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

"አክስቴ፣ ያንን የሩቅ አገር ምግብሽን ይዘሽ ድረሽልኝ" አለችኝ።

የሩቅ አገር ያለችው ታይላንድን ነው። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ስችል እጄ ከገቡት መጻሕፍት አንዱ የታይላንድን የቤት ምግብ የሚያስተምር ነበር፤ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የገረመኝ የቅመሙ ቅርበት ነው። ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል። ቅቤና ወተት የለበትም፤ ያንን የሚተካው ኮኮናት ነው። ከዓሣ የሚሠራውን መረቃቸውን ትቼ ጨው ሳደርግበት የለየለት የጾም ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በዘንቢሌ ሦስት ኮኮናት (የጎረቤቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ)፣ በባልዲ ተክዬ ከብርድ እየከለልኩ የማሳድገውን ጠጅ ሳርና አንድ እስር በሶብላ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እንደሚበሉልኝ አልተጠራጠርኩም።

ወረታ

ከአለምበር በታች ብርዱ እየለቀቀ ሄዶ ወረታ ስንደርስ ጋቢዬን አጣጠፍኩ። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት የሩዙ ቡቃያ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው አረም ይነቅላሉ። ሩዝ የምገዛው እዚሁ ነው፤ ከደብረ ታቦር ገበያ ይረክሳል፣ አማራጭም ይገኛል።

ከወፍጮ ቤቱ በር የተቀመጠችው ነጋዴ ለእንጀራ ነው ወይስ ለጠላ ብላ ጠየቀችኝ። ለቅቅል ነው፣ ያልተሰበረውን ስጪኝ አልኳት። ከጆንያው በመዳፌ እያፈስኩ ፍሬ ፍሬውን ሳይ ትዕግሥቷ አለቀ።

"እመቤቴ፣ ለሙሽራ ነው እንዲህ የምትመርጪው?"

"ለመነኩሲት ነው።"

"መነኩሲትማ የተሰጣትን ትበላለች።"

"የእኔይቱን አታውቂያትም" አልኳት። ስቃ ከኋላዋ ካለው ጆንያ ያልተሰበረውን ሰፈረችልኝ። ሙዙንም ከዚያው አጠገብ፣ ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነውን መርጬ ገዛሁ። የበሰለ ሙዝ እሳት ላይ ይፈርሳል።

ከአዲስ ዘመን ወዲያ

አዲስ ዘመን ላይ መኪና ቀየርን። የጣራ ገዳም ደን ከላይ ጉም ለብሶ ይታይ ነበር፤ ሱባኤ የገቡ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠጠርና ጭቃ ነው። አንድ ጅረት ሞልቶ ውኃው እስኪጎድል ቆመን ጠበቅን። ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበርና ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ኮኮናቱን ነክተው የምን እንቁላል ነው አሉኝ። የዛፍ ፍሬ ነው ስላቸው ጸጉር ያለው ፍሬ አይተው እንደማያውቁ ነግረውኝ እብናት እስክንደርስ ዓይናቸውን ከላዩ አላነሡም።

እብናት

እማሆይ አልጋ ላይ ደገፍ ብለው አገኘኋቸው። ሳምኳቸው፤ ጉንጫቸው አጥንት ሆኗል። ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምሱምና ለሥራዬ ጊዜ ነበረኝ።

ዓለምነሽ አንዱን ኮኮናት በዘነዘና ሰበረችልኝ። ሥጋውን ፈቅፍቄ ለብ ባለ ውኃ አሸሁትና በነጭ ጨርቅ ጨመቅኩት፤ መጀመሪያ የወጣውን ወፍራሙን ለብቻ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ በወጣው ቀጭን ጭማቂ ጠጅ ሳርና ዝንጅብል አፍልቼ ካሮትና ድንች ጨመርኩ፤ ሲወርድ ወፍራሙን፣ ሎሚና በሶብላ። ሩዙን ለብቻው ቀቀልኩ። ቤቱ በማናውቀው አዲስ ሽታ ሳይሆን በምናውቃቸው ሽታዎች አዲስ ድብልቅ ተሞላ። ዓለምነሽ ሳህኑን ይዛ ገባችና በደስታ "እማዬ፣ በኮኮናት ወተት ተሠርቶልዎት ነው" አለች።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

"በምን?"

"በኮኮናት ወተት" አልኩ እኔም፤ መጽሐፉ የሚለው እንዲያ ነውና።

ማንኪያውን መልሰው አስቀመጡት። ላም እንዳልታለበችበት፣ የፍሬ ጭማቂ እንደሆነ አስረዳሁ። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አትዋሺኝም። ወተት ነው ካልሽኝ ወተት ነው።"

ያን ቀን በሶ በውኃ ተበጥብጦላቸው ሁለት ጉንጭ ቀመሱ። ሾርባውን ጎረቤት ጨረሰው። ዓለምነሽ ማጀት ገብታ አለቀሰች፤ ነገ ሌላ ስም እንስጠውና እንመግባቸው አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሰው ሳያውቅ ጾሙን ከሚሽር ቢራብ ይሻለዋል ብዬ አይደለም፤ የሚዋሽበት ነገር ስላልነበረ ነው። ስሙን ሳይሆን ፍሬውን ማሳየት ነበረብኝ።

በማግሥቱ

ከቅዳሴ በኋላ ሁለተኛውን ኮኮናት አልጋቸው አጠገብ አመጣሁት። ሳይሰበር ጆሯቸው ላይ ነቀነቅኩላቸው፤ ውስጡ ውኃ ተንቦጫቦጨ። ሰብረን ግማሹን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ጸጉሩን ዳሰሱ፣ አሸተቱት። ፈቅፍቄ ጨርቁ ላይ አድርጌ እስኪ ጭመቁት አልኳቸው። በቀጫጭን ጣቶቻቸው ጨመቁት፤ ነጩ ፈሳሽ በእጃቸው መሐል ሳህኑ ላይ ወረደ።

ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩት።

"ጡት የለው፣ ጥጃ የለው" አሉ በመጨረሻ። "ይህን ወተት ያለው ሰው ላም አይቶ አያውቅም?"

ዓለምነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ፈጥኜ ወደ እሳቱ ሄድኩ። ሙዙን ቆራርጬ በቀጭኑ ጭማቂ ከስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር አበሰልኩት፤ ወፍራሙን መጨረሻ ላይ አፈሰስኩበትና ሳይፈላ አወጣሁት፤ ከፈላ ቅባቱ ይለያል። ሳህኑን ስሰጣቸው ስሙን ጠየቁኝ። ከትናንቱ በኋላ ስም ስጠየቅ ፈራሁ፤ ቢሆንም ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በታይላንድ መነኩሲት ነጭ ትለብሳለች፤ ሙዙም ነጭ ስለለበሰ "ሙዝ መነኮሰች" ይሉታል።

"መነኮሰች?" ዓይናቸው ላይ የድሮዋ እህቴ ብቅ አለች። "በየትኛው ገዳም?"

"እዚሁ፣ በእርስዎ ማጀት።"

አማተቡና ቀመሱ። በድዳቸው አደቀቁት፣ ዋጡ፣ ደገሙ። ዓለምነሽና እኔ እንዳላየን ሆነን ቆምን። ሳህኑ ሲጋመስ አንዷን ቁራጭ በማንኪያ ለይተው አነሡና አሳዩኝ።

"ይቺ አመክሮዋን ሳትጨርስ ነው ያመነኮስሻት። መሐሏ ጥሬ ነው።"

እውነታቸውን ነው፤ ቸኩዬ ነበር።

"ነገ በደንብ አስጨርሻት" አሉና ቀሪውን በሉ። ከዚያ ሁሉ ንግግር በጆሮዬ የቀረው "ነገ" የምትለዋ ቃል ናት።

መመለስ

በነጋታው ከሰበርነው በቀረው ግማሽ ኮኮናት ሾርባውን ሠራሁና ከሩዙ ጋር ቀመሱልኝ። ሦስተኛውን ኮኮናት ለዓለምነሽ ትቼ፣ አጨማመቁን እጇን ይዤ አሳይቼ፣ በሚቀጥለው ማለዳ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ወረታ ላይ ያቺ ነጋዴ አየችኝና መነኩሲቷ ምን አለች ብላ ጮኸች። ሩዙ ላይ እንከን እንዳላወጡ፣ እኔን ግን እንዳልማሩኝ ነገርኳት።

ደብረ ታቦር በብርዱና በዝናቡ ተቀበለችኝ። መጽሐፌን ከፍቼ "ወተት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ባገኘሁበት ሁሉ በእርሳስ ሰርዤ "ጭማቂ" ብዬ ጻፍኩ። ለሌላ ሰው ሳበስል ድስቱን ከመጣዴ በፊት የምመዝነው ቃሉን ሆኗል።

ማታ ዓለምነሽ ደወለች። ሙዟን ራሷ ሠርታ ነበር፤ እማሆይ ሳህኑን ጨርሰው መልእክት ልከውልኛል።

"ለአክስትሽ ንገሪያት፤ የዛሬዋ ቆብ ይገባታል።"