ተራራው የጸዳ ዕለት

ከከተማችን በላይ ያለው ጫካ ለበስ ተራራ በሩ ብዙ ነው። በር የምንለው በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለውን፣ ሰው ወደ ማዶ የሚሻገርበትን ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ትልልቆቹን ማንም ያውቃቸዋል። ትንንሾቹን ግን ዛፍ ውጧቸው አንዱ ካንዱ አይለይም፤ እንደ ኮሚቴ አባላት ናቸው፦ ከፊት ሁሉም አንድ መልክ፣ ከጀርባ ገደል።

ጎሚስታው እነዚህን በሮች ሲያስስ ሁለት ዓመት አለፈው። ሥራው ጎማ መለጠፍ ነው። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን ያለች፣ ማስቲሽ ማስቲሽ የምትሸት፣ አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከግድግዳዋ እንደ አንጀት የተንጠለጠለባት ጠባብ ክፍል ናት። እሑድ እሑድ ይዘጋትና በብስክሌቱ ይወጣል። የሚጋለብበትን ይጋልባል፣ የማይጋለብበትን ይገፋል፣ መግፋትም እምቢ ሲል ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አጋድሞ በእግሩ ይቧጥጣል። ለስፖርት እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሙን ፍለጋ ነው።

ታናሽየው ጥድፊያ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእናቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። እሱም ጎማ ለጣፊ ነበር፤ ብቻ የለጠፈው እስኪደርቅ መጠበቅ አይሆንለትም። "በዚያ ጫካ ውስጥ ሰው ከብስክሌቱ ሳይወርድ የሚያልፍበት በር አለ። ለምሳ ማዶ እደርሳለሁ" ብሎ አንድ ጠዋት ዳቦ፣ ፓምፕና ትርፍ ከመነዳሪ ይዞ ወጣ። ያቺ ምሳ እስካሁን አልተበላችም።

ያኔ አፈላላጊ ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ በማቋቋምማ ማን ብሎን። ቡድኑ እስከ መጀመሪያው ምንጭ ወጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ "የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል" የሚል መግለጫ አውጥቶ ወረደ።

ጎሚስታው መግለጫ ማውጣት ስለማይችል ዘዴ ፈጠረ። አሮጌ ከመነዳሪ በቀጭኑ ተልትሎ ቦርሳውን ይሞላል፤ አንድ በር አስሶ ሲጨርስ አንዷን ላስቲክ ከዛፍ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይቋጥራል። ትርጉሙ አጭር ነው፦ እዚህ የለም። ላስቲክ ያልታሰረበት በር ገና ነው። ያን ሁሉ ቀዳዳ በቃል መያዝ የሚችል ጭንቅላት ስላልተፈጠረ፣ ያሰሰውንና ያላሰሰውን የሚያውቁለት እነዚያ ላስቲኮች ብቻ ነበሩ።

ደግሞ የሚጠብቀው እሱ ብቻ አይደለም። የጥድፊያ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ደጃፏ ላይ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች። አንድ ደህና ግንበኛ ላግባሽ ብሏታል።

"ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው" ትለዋለች ከተራራው በወረደ ቁጥር። "ባለባል ነኝ ወይስ ባሌ የሞተብኝ?"

"ጥቂት በር ነው የቀረኝ። ታገሺኝ።"

"እኔስ እታገሣለሁ። ግንበኛው ግን ሰው ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፣ ቆሞ አይቀርም።"

ይህ በእንዲህ እንዳለ የተራራ ጉብኝት አስተባባሪ ኮሚቴ ተወለደ። ሰብሳቢው ብስክሌት ጋልቦ የማያውቅ፣ የብስክሌት ኮፍያ ግን ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። "ተራራችንን በእግርና በብስክሌት እንወቅ" የሚል ሰፊ ጨርቅ አሰቀለ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ጫካው ይጽዳ ተባለ። በጎ ፈቃደኞች ተበትነው ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉን ለቀሙ። በማግስቱ ሰብሳቢው ጆንያ አስይዞ ወደ ጎሚስታው ሱቅ መጣ።

"ንብረትህን አምጥተንልሃል" አለው። "ጫካውን አቆሽሸኸው ነበር፤ ግን ቂም አንይዝም።"

"ሁሉንም ለቀማችሁት?"

"አንዲት አልቀረችም። አንተ እንኳ ያልደረስክበት ስርቻ ገብተዋል ልጆቹ።"

ጎሚስታው ጆንያውን ዘረገፈው። የሁለት ዓመት እሑድ ወለሉ ላይ ተከመረ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አንድ በአንድ ያነሣ ጀመር፤ ከክምሩ መሐል የእሱ ያልሆነች አንዲት ላስቲክ እጁ ላይ ቀረች። ጫፏ በቢላ ተሰንጥቋል።

ጥድፊያ ለመቋጠር ትዕግሥት አልነበረውም። የላስቲኩን አንድ ጫፍ ይሰነጥቅና ሌላውን በስንጥቁ አሹልኮ ይጎትታል፣ አለቀ። አባታቸው "ይሄ ማሰር ነው ጆሮ መብሳት?" እያለ ሲቆጣው ነው የኖረው። ያቺን ላስቲክ ያሰረው ጥድፊያ ነው፤ መመለሻው እንዳይጠፋው ምልክት ሲያደርግ። የት እንዳሰራት የሚያውቀው ዛፉ ብቻ ነው።

ጎሚስታው ሰብሳቢውን መንገድ ላይ ደርሶበት ይቺ ከየት እንደተለቀመች ጠየቀው። ሰብሳቢው ላስቲኳን ገልበጥ አድርጎ አያትና "ላስቲክ ላስቲክ ነው" ብሎ ፈረደ። ጎሚስታው ከለቃሚዎቹ አንዱ ወደሆነው ፀጉር አስተካካይ ሄደ።

"ወንድሜ፣ እኔ ያን ቀን የማየው እግሬን ነበር" አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ። "ምናልባት ከትልቁ ቋጥኝ በስተግራ። ወይም በስተቀኝ።"

"ከምንጩ በላይ አይደል እንዴ?" አለ አረፋ ፊቱ ላይ ያለው ደንበኛ። እሱም ለቃሚ ነበር።

"እሱ ቆርቆሮው ነው። አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህን እንዳልለቅመው።"

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጎሚስታው ቀድሜ ልውጣ ብሎ ለመነ። ሰብሳቢው "ሁሉም በሙያው" ብሎ መግቢያው ላይ ጎማ እንዲነፋ መደበው። እሱም እሺ አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ በእጁ ያልፋላ። ለቃሚዎቹ ያለፏት ሌላ የጥድፊያ ላስቲክ አትጠፋም ብሎ፣ እየነፋ ለእያንዳንዱ፦ "ጫፏ የተሰነጠቀ ላስቲክ ዛፍ ላይ ካያችሁ እንዳትነኳት። ቦታውን ብቻ ያዙልኝ" ይላል። ሁሉም እሺ ይላል። የጎብኚ እሺ ጎማው እስኪነፋ ድረስ የምትቆይ እሺ ናት።

አመሻሽ ላይ አንዲት ጉልበቷ በጭቃ የተለቀለቀ ልጅ እየሮጠች መጣች።

"አባባ፣ አገኘሁልዎት" ብላ መዳፏን ከፈተች። ላስቲክ ናት፤ ጫፏ የተሰነጠቀ። "እንዳትነኪ ብለውኝ ነበር፤ ግን ነፋስ እንዳይወስድብዎት ፈራሁ።"

"የት ነው ልጄ?"

"መንገድ ስተን የገባንበት ነው። ሲያምር። ከብስክሌት ሳንወርድ ነው ጥርግ ብለን ያለፍነው።"

"የቱ በር?"

ልጅቷ ከልቧ አሰበች። "ዛፍ የበዛበት" አለች።

"ብንመለስ ታሳዪኛለሽ?"

"እኔ እኮ የማየው የፊተኛውን ጎማ ነበር፣ አባባ።" አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ ደግ ሥራ እንደሠራች አምና፣ በመስኮት እጇን እያውለበለበች ሄደች።

ጎሚስታው ሁለቱን ላስቲኮች በልብስ ሰፊዋ መኪና ላይ አስቀመጠ። እሷ አንዷን በአንዷ ስንጥቅ አሹልካ ጎተተች። ያዘ።

"እንዲህ ነበር የሚያደርገው" አለች። "ይቺን ሲያስር በሕይወት ነበር ማለት ነው።"

"ሲያስርማ አዎ።"

"ከዚያስ?"

ጎሚስታው እጁ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ ይልጣል።

"ግንበኛውን እርስዎ ያነጋግሩልኝ፣ ጋሼ። እኔ አፌ አይችልም።"

"ምን ልበለው?"

"አትጠብቃት ይበሉት።"

ቀና ሲሉ ተራራው ከጣሪያዎቹ በላይ ቆሟል። አሁንስ ሰብሳቢው አልዋሸም፤ አንዲት ምልክት የለበትም።