የአበልጃችን በጎችና የኒኬሉ ቱቦ

በመጀመሪያ ሙከራ የሰመረ ነገር አላምንም። አመሉን የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ እሳቸው ገበያ ወጥተው የበጉን ጥርስ ሳያዩ ዋጋ አይጠይቁም።

በዚያ ዓመት ገሳይ ከተማ አጠገብ ያሉትን በጎቻችንን ፈንጣጣ ፈጃቸው። አባቴ በሽታውን ያመጣው የአበልጃቸው መንጋ ነው ብለው ቆረጡ። አበልጃቸው፣ የታናሽ ወንድሜ የክርስትና አባት፣ በጎቻቸው አንድም ቀን እንዳልታመሙ ማሉ። ሁለቱ ቤቶች ተኳርፈው አበልጅነቱም ሰላምታውም ቀረ።

እኔ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው ነገር፣ በግ ፈንጣጣ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ከደሙ የሚለይ ምርመራ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ አበልጃቸውን በሽማግሌ አስጠየቁ፤ እሳቸውም የበጎቻቸው ደም እንዲቀዳ ፈቀዱ። እውነቱን አንቺ ታወጪዋለሽ ተባልኩ።

ለምርመራው ከፈንጣጣው ቫይረስ ፕሮቲኖች አንዱ ያስፈልጋል፤ ታሞ የዳነ በግ ደም ፕሮቲኑን ስለሚያውቀው ቀለም ይሰጣል። ቫይረሱን ራሱን አንነካም፤ የፕሮቲኑን ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተን ባክቴሪያው እንዲሠራልን እናደርጋለን። ፕሮቲኑ ጫፉ ላይ ኒኬል የሚይዝ ቅጥያ አለው። ባክቴሪያውን አፍርሰን ጭማቂውን ኒኬል ባለበት ቱቦ ስናሳልፈው፣ ሌላው ታጥቦ ይወርዳል፣ የእኛው ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በሌላ ፈሳሽ እናስለቅቀዋለን።

ገና በመጀመሪያው ሙከራ ጥርት ያለ አንድ ፕሮቲን ወጣልኝ። ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። በአበልጃችን በጎች ደም ስሞክረው ሁሉም ቀለም ሰጡ፤ ታመው ነበር ማለት ነው። አባቴ ልክ ነበሩ። በጣም ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ጠረጠርኩ።

ዘረመሉ ያልገባበትን ባዶ ባክቴሪያ በዚያው ዓይነት ቱቦ አሳለፍኩት። ያው ፕሮቲን ወጣ። ለካ የያዝኩት የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን ኖሯል፤ እሱም ኒኬል ይይዛል። ባክቴሪያው የየትኛውም በግ አንጀት ውስጥ ስለሚኖር የታመመውም ጤነኛውም ደም ያውቀዋል። የቫይረሱ ፕሮቲን ጨርሶ አልወጣም ነበር። አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

ቅዳሜ ገሳይ ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምርመራው ገና እንዳልሠራ፣ የአበልጃቸው በጎች ታመው እንደሆነ እንደማላውቅ። መጀመሪያ ቀለም መስጠታቸውንም አልደበቅኩም።

«ታይቷል ማለት ነው» አሉ።

«የታየው ውሸት ነው፣ አባዬ። አንድም ቀን ያልታመመ በግም ቢሆን ያንኑ ነው የሚያሳየው።»



«ደም ልትቀጂ የሄድሽ ቀን እነሱ ቤት ምን አበሉሽ?» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። እንደገና ልሞክር፣ ታመው ከተረፉት በጎቻችን ደም ልቅዳ ብዬ ወደ በረቱ ስሄድ፣ ቀድመውኝ በሩን ዘጉት።