የወፍጮ በር እንግዶች

ወፍጮ በር መንደር ልሁን ብላ አስባ አታውቅም። ከደብረ ታቦር ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ትንሽ በሚያርፍበት ሜዳ ላይ፣ የሼህ ሁሴን አባት ቦይ ቀደው የውሃ ወፍጮ ተከሉ። ገበሬው ገብሱንና ጤፉን በአህያ ጭኖ መጣ። ወረፋው ሲረዝምበት አደረ። ሁለት ሌሊት ያደረው ዳስ ጣለ፤ ዳስ የጣለው ዝናቡን ፈርቶ ሣር ከደነ፤ ሣር የከደነው ሚስቱን አስመጣ። ሚስት ከመጣች በኋላማ ጎመን ይተከላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ልጅ ይወለዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወረፋ ሊጠብቅ የመጣው ሁሉ ሳይመለስ ቀረ።

ሆኖም አንድም ሰው የወፍጮ በር ሰው ነኝ ብሎ አያውቅም። ነገሩን ያመጣው የወፍጮው ሕግ ነው። የሼህ ሁሴን አባት፣ "ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይቅደም፣ መንገድ አለበት፤ የሰፈር ሰው ይቆይ" ብለው ደንግገው አለፉ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት እዚያው የከረመውም ሰው ወፍጮ ቤት ሲደርስ እንግዳ ይሆናል። አገርህ የት ነው ሲባል አንዱ እስቴ ይላል፣ አንዱ እብናት ይላል። የአባቱ አጥንት ያረፈው እዚያ ስለሆነ ዋሸህ የሚለውም የለም። የሰፈር ሰው ተብሎ የቀረው ሼህ ሁሴን ብቻ ነው፤ የወፍጮው ባለቤት እህል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይፈጫል።

ወረፋውን የምታስከብረው ውዴ ናት። በዚህ ነገር መጨቃጨቅ ከተወች ቆይታለች። እህል ይመጣል፣ ሰው ይዋሻል፣ ድንጋዩ ይዞራል፤ ከሦስቱ አንዱንም ማስቆም አልቻለችም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ የሕዝብ ቆጠራ መጣ። ቆጣሪው መምህር አለሙ የሚባሉ ጎልማሳ ነበሩ። ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ቀኑን ሙሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ውለው፣ ሊመሽ ሲል ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

"መምህር፣ ስንት ሆንን?" አለቻቸው ውዴ።

"አንድ ቤት፣ ሰባት ነፍስ።"

"አንድ?"

"የሼህ ሁሴን ቤት ነው። ሌላው በሙሉ መንገደኛ ነኝ፣ እህል ላስፈጭ መጥቼ ነው አለኝ።"

"ይሄ ሁሉ ጭስስ?"

"ጭሱንማ አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን የጭስ ቦታ የለውም። እርስዎስ ቢሆኑ ጠዋት ምን አሉኝ? አገሬ አንበሳሜ ነው አላሉም?"

ውዴ እውነትም ብላለች፤ ሳታስበው ነው ያለችው።

መምህሩ ከኪሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። አውራጃው ስልሳ ቤት ለሞላው ቦታ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው። ወፍጮ በር ካልሞላች ትምህርት ቤቱ ወንዝ ማዶ፣ ላይ አምባ በሚባለው መንደር ይሠራል። ውዴ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ወደ ልጇ ሄደ። እቴነሽ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ከጨረሰች ወዲህ የሚነበብ ነገር ስላጣች ጆንያ ላይ የታተመውን ሁሉ ታነባለች፤ "አንደኛ ደረጃ፣ ሃምሳ ኪሎ" እያለች። ያ ወንዝ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም። ውዴ ብዙ ነገር ይቅር ብላ ትታለች፤ ይሄን ግን ልትተወው አቃታት።

"መምህር፣ ነገ አይሂዱ። አንድ ቀን ይጨምሩልኝ" አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ቀጥኖ፣ ድንጋዩ እንደ ሽማግሌ እየተነፈሰ ይዞራል። ወረፋው እስከ ቦዩ ድረስ ተሰልፏል። ደምሴ አህያውን እየነዳ ሰልፉን ሰንጥቆ መጣ። ደምሴ ከወፍጮው ሃያ እርምጃ የማይርቅ ቤት ውስጥ ስድስት ልጆች ወልዷል።

"ደምሴ፣ አገርህ የት ነው?" ስትል ጠየቀችው።

"እስቴ ነዋ! ደግሞ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?"

"ምንም። እንግዳ ይቅደም።"

ገብሱ ከሁሉ ቀድሞ ተፈጨ። ደምሴ ከሰልፈኛው ጋር ሳይከራከር ያለፈበት ጠዋት አይቶ ስለማያውቅ ጠርጠር አደረገው። ዱቄቱን እንደጫነ ውዴ የአህያዋን ገመድ ተቀብላ ፊቷን ወደ እስቴ መንገድ አዞረችው።

"በል እንግዲህ፣ እስቴ ሩቅ ነው። ፀሐይ ሳይበረታብህ ውጣ። ለዘመዶችህ ሰላም በልልኝ።"

ሰልፈኛው ነገሩ ገባው።

"እግዜር ያግባህ ደምሴ!"

"አደራ፣ ስትደርስ ላክብን!"

"ስንቅ ቋጥሩለት እንጂ፣ ይሄ ሰው እኮ መንገደኛ ነው!"

ደምሴ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አህያዋ ግን ጨዋታ አልገባትም። ሦስት እርምጃ ያህል ወደ እስቴ ሄደች፣ ቆመች፣ ገመዱን ከእጁ መንጭቃ ዞረች፤ ከዚያ ጆሮዋን ጥላ በባሕር ዛፉ አጥር በኩል ቀጥ ብላ ደምሴ ደጅ ገባች። የደምሴ ሚስት ጌጤ ከውስጥ ብቅ አለች።

"መጣሽ የኔ እናት? ያ ወሬኛስ የት ቀረ?"

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼህ ሁሴን እንባቸውን በፎጣቸው እየጠረጉ፣ "ወላሂ፣ እንግዳስ አትመስልም" አሉ። መምህር አለሙ እርሳሳቸውን ይዘው አህያዋን ተከተሉ፤ ደምሴም ከኋላቸው።

"ይቺ አህያ የማን ናት?"

"የኔ ናት፣ ጓድ መምህር።"

"የት ነው የምታድረው?"

"እዚያው... ከጓዳው ጎን።"

"አንተስ?"

"እኔም ከእሷው ጋር። ማለቴ ከጌጤ ጋር!"

ጌጤ ማማሰያ ይዛ ስትወጣ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ደምሴ ተናደደ። ወደ ውዴ ዞረና በሰው ፊት ነገራት።

"የሰው አህያ ከማስመስከርሽ በፊት አንቺስ? ባልሽ ካረፈ አሥራ አንድ ክረምት ሆነ። ወደ እናቴ ቤት ወደ አንበሳሜ እሄዳለሁ እያልሽ ዕቃሽን እንኳ አልፈታሽም። ጥግ ላይ በገመድ ታስሮ ተቀምጦ የለም? የምትሄጅ አንቺ፣ የምንቆጠር እኛ?"

ሳቁ ቆመ። ደምሴ ያለው እውነት ነበር። ያንን ዕቃ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች፤ በየዓመቱ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ለመስቀል እሄዳለሁ ትላለች። የሚጠብቃት ሰው እንደሌለ፣ እናቷም ካረፉ አራት ዓመት እንዳለፋቸው ታውቃለች። ቢሆንም የምትሄድበት አገር አለኝ ማለቱ ብቻውን ወገቧን ደግፎላት ኖሯል።

ዱቄት የለበሰ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"መምህር፣ እኔን ይጻፉ" አለች። "ውዴ ታከለ። ዕድሜ አርባ አንድ። መኖሪያ፣ ወፍጮ በር። ልጅ አንድ። ሌላ የምሄድበት አገር የለኝም።"

መምህሩ ጻፉ። ውዴ አለቅስ ይሆን ብላ ፈርታ ነበር፤ አላለቀሰችም። ከባድ ጆንያ ከጫንቃዋ ያወረደች ያህል ትከሻዋ ቀለላት።

ደምሴ መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔንም... እንግዲህ አህያዋ ከተናገረች በኋላ ምን እላለሁ። ስምንት ነፍስ ይበሉ። ከአህያዋ ጋር ዘጠኝ።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። "የኔንም ልቀቋት!" "የኔዋን ደግሞ እዩልኝ!" እያሉ እህሉ የተፈጨለት ሁሉ አህያውን ጭኖ ይለቃል፣ አህያው በገዛ መንገዱ ወደ ቤቱ ያመራል፣ መምህር አለሙ ከኋላ ከኋላ፣ ሕፃናቱ ደግሞ ከመምህሩ ኋላ እየሮጡ። ጨው የምትሸጠው ከድጃ በሯ ላይ ቆማ፣ "አህያ የሌለን ምን ይዋጠን? ድመቴን ልልቀቅ?" ብላ ስትጮህ መምህሩ እርሳሳቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እርሷንም ከነአራት ልጆቿ ጻፏት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። መምህሩ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። "ወፍጮ በር፣ ስልሳ ሰባት ቤት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ!" ሴቶቹ እልል አሉ። ጌጤ ለደምሴ የሸሸገችውን ጠላ አውጥታ ለመምህሩ ቀዳች።

እልልታው ሳያባራ ጠቡ ተነሳ። ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ? ደምሴ ችካል ተሸክሞ መጥቶ ከቤቱ ፊት መትከል ጀመረ። ከድጃ ችካሉን ነቅላ ከቦዩ ማዶ ወረወረችው፤ ከሱቄ ፊት ካልሆነ ልጆቹ ደብተር ከየት ሊገዙ ነው አለች። ሼህ ሁሴን ለወፍጮው ከቀረበ ድንጋዩ ልጆቹን አያስተምርም፣ ያደነቁራል እንጂ ብለው ሁለቱንም ተቆጡ። ትናንት እስቴና እብናት ነው አገሬ ይል የነበረ ሰው ሁሉ ስለ አንዲት ክንድ መሬት አንገት ለአንገት ሊተናነቅ ደረሰ።

ውዴ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ጠብ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። እቴነሽ ግን እጇን ጎተተቻት። "እማዬ፣ የት ይሻላል?"

ውዴ ተነሳች፤ ወረፋ በምታስከብርበት ድምፅ ጮኸች።

"ደምሴ! ችካሉን ከማዶ አንስተህ ከወፍጮው በላይ ወዳለው ዋርካ ውጣ! ከድጃ፣ አንቺም ያዥለት! ልጆቹ ጥላ ይፈልጋሉ!"

ሁለቱም እያጉረመረሙ ችካሉን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ዋርካው ወጡ።